ራሱን የሚያጸዳው ኮምፒውተር

ፋይል መያዣ ፍላሽ ብርቅ በነበረበት ዘመን ሶዶ አጠገብ ባለችው በተበላ ከተማ አስተምር ነበር። የትምህርት ቤታችን ብቸኛ ኮምፒውተር ቦታ ሞልቶበት አልሠራ ሲል፣ በተከፈተ ቁጥር ጊዜያዊ ፋይሎችን ራሱ እንዲያጠፋ አስተካከልኩት።

ሰኞ ጠዋት ጸሐፊያችን ማርታ እየሮጠች መጣች።

«ቲቸር፣ የተማሪዎቹ ውጤት የለም!»

ውጤቱ ሶዶ ወዳለው የዞኑ ትምህርት መምሪያ መላክ ያለበት በዚያው ቀን ነበር። ያለውን ፎልደር ሁሉ ከፈትኩ፤ የተሰረዘ ፋይል የሚቆይበትን ሪሳይክል ቢንንም አየሁ። ምንም የለም። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ለመሆኑ የት ነበር ያስቀመጥሽው?» አልኳት።

«ቴምፕ የሚለው ውስጥ።»

«ምነው እዚያ?»

«ቴምፕ ማለት ጊዜያዊ ነው ብለውኝ የለ እርስዎ?» አለች እንባዋ እየወረደ። «እኔ ደግሞ ቋሚ አይደለሁም፤ የተቀጠርኩት በጊዜያዊነት ነው።»