የይቆየኞች አገር

የቡሬ ልጅ ነኝ። የአገሬ በርበሬ ምላሴ ላይም እንዳለ ባለቤቴ ሳይነግረኝ የሚውልበት ቀን የለም። ስለዚህ ጅጋ ተዛውሬ ማስተማር በጀመርኩበት ሰሞን፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ ሽማግሌ ስማቸውን አልናገርም ያሉኝ ሲመስለኝ እንደዚያ በጨዋነት ማለፌ ራሴንም ገርሞኛል።

«ስምዎን ማን ልበል፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ይቆየኝ» አሉ።

እኛ ዘንድ ይህ ቃል የጠገበ ሰው ገበታ ላይ የሚለው ነው። እንቢ ማለት ነውር ሲሆን፣ አሁን አይሁን፣ ለሌላ ጊዜ ይሁንልኝ ማለት ነው። ሽማግሌው በሰው ፊት ስማቸውን መናገር ያልወደዱ መስሎኝ «እሺ፣ ሲመችዎ ይነግሩኛል» ብዬ ወደሚቀጥለው ሰው ዞርኩ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሽማግሌውማ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለካ ስማቸው ይቆየኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ስሙ በሄድኩበት ሁሉ ይገጥመኝ ጀመር። ክፍል ውስጥ «ይቆየኝ» ብዬ ስጣራ ከፊትም ከኋላም ይነሳሉ። ልጆቹ መላውን ያውቁታል፤ ቀዩ ይቆየኝ፣ ረጅሙ ይቆየኝ፣ የወንዝ ማዶው ይቆየኝ እያሉ ይለያዩዋቸዋል። ገበያ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ስትጠራ ጨው ተራ ያለው ወንድ ልጅ ሁሉ ቀና ይላል። ቡሬ አድጌ ሰምቼው አላውቅም። ፍኖተ ሰላም ተድሬ ኖሬ አንድም ይቆየኝ አላጋጠመኝም። ከጅጋ ወደ ቆላው ወረድ ሲባል ግን አገሩ ይቆየኝ በይቆየኝ ነው።

እኛ ከተሜዎች ለልጅ ስም ስናወጣ ማንም ያላወጣውን ፍለጋ ስልክ ላይ ስንዳክር እናመሻለን። እነዚያ ደግሞ ሁሉም ያወጣውን ይፈልጋሉ። ይህ ነገር አስገረመኝ፤ እያደር ደግሞ ያስፈራኝ ጀመር፤ ምክንያቱም አንድ አገር በሙሉ አንድ ቃል ላይ የሚረባረበው በዋዛ አይመስለኝም።

ሽማግሌውን እንደገና ያገኘኋቸው የልጅ ልጃቸውን ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ ጠየቅኳቸው። የመጀመሪያው ይቆየኝ እሳቸው መሆናቸውን ነገሩኝ፤ በዚያ አገር በዕድሜ የሚበልጣቸው ይቆየኝ ካገኘሁ እንድነግራቸውም አከሉልኝ። ልጅ አልበረክት ያላት እናት ሁሉ ስሙን ከእሳቸው እናት እየጠየቀች ትወስዳለች፤ ጎረቤት ከጎረቤት ዘር እንደሚበዳደረው ማለት ነው። ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ሆዴ ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። እናታቸው ዛሬም በሕይወት እንዳሉ፣ ስወልድ ሕፃኑን ይዤ እንድመጣ ነገሩኝ። ለትልቅ ሰው እንደሚባለው እሺ አልኳቸው፤ የመሄድ ሐሳብ ግን አልነበረኝም።

ከዚያ በፊት ሁለት ወንዶች ልጆች ወልጄ ቀብሬያለሁ። የመጀመሪያውን ገና ሆዴ ውስጥ ሳለ ስም አውጥቼለት እየጠራሁ አዋራው ነበር። ሁለተኛውን የተወለደ ዕለት ሰየምኩት። ሐኪሞቹ ስለ ደም ዓይነት አስረዱኝ፤ እናቴ ደግሞ ሾተላይ ነው አለች። የሐኪሞቹ ነገር ገብቶኛል፤ የማስተምረውም ሳይንስ ነው። ሦስተኛዋን ሳረግዝ ከጅምሩ በጥብቅ ተከታተሉኝና ሴት ልጅ፣ ሙሉ ጤነኛ፣ እየጮኸች ተወለደች። እኔ ግን ስም ላወጣላት ስል አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሁለቱንም በስማቸው ስጠራቸው ሌላ የሚሰማ እንደነበረ፣ ሰምቶም መጥቶ እንደወሰዳቸው ሆኖ ይሰማኛል። እንደዚህ ማሰቤን ለማንም አልተናገርኩም።

ክርስትና ስትነሳ ቄሱ የክርስትና ስሟን ሰጧት፤ እሱ ደግሞ የጸሎት ነው እንጂ የደጅ መጠሪያ አይደለም። እንግዳው «ማን አላችኋት?» ሲል ወጥ ልጨምርላችሁ እያልኩ አለፍኩት። ባለቤቴ ማታ ማታ አንድ አንድ ስም ያመጣል፤ እኔ ለእያንዳንዱ እንከን አላጣም። ይኸኛው ይረዝማል፣ ያኛው የአክስቴ ባላንጣ ስም ነው እላለሁ። የቡሬ በርበሬ ብሎ ይስቅና ይተወዋል። አንድ ቀን ግን አልሳቀም። «ልጅቷ ድምፅ ስትሰማ መዞር ጀምራለች» አለኝ። «የምትዞርበት ስም ግን የላትም።»

ይህ አንጀቴን በላው። የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ነው፤ ልጄን ለሠራተኛ ትቼ ስወጣ ምን ብለሽ ጥሪያት ልላት ነው? በማግስቱ አዘልኳትና ከቤታችን ከፍኖተ ሰላም ጅጋ ወረድኩ። የገበያ ቀን ስለነበረ ሽማግሌውን አላጣኋቸውም። ጋሪ እስከሚገባበት በጋሪ፣ ከዚያ ወዲያ የደረሰ በቆሎ መሀል ለመሀል በእግር ወሰዱኝ። በየደጁ ስናልፍ ሰው ሰላም እያለ ያስቆመናል፤ «ይቆየኝ ና፣ እጅ ንሳ» እየተባለ የሚጠራ ልጅ ያልነበረበት ደጅ ትዝ አይለኝም። አንዱ ሊድህ የጀመረ ነው፤ ሌላው ጢም ያበቀለ ጎረምሳ። ሁሉም በሕይወት ያሉ ናቸው። የእናቶቹን ፊት እያየሁ አለፍኩ። ስም ብዬ የናቅኩት ነገር እዚህ ቆሞ ይሄዳል።

እናትዬው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሮአቸው ግን ንቁ ነው። ልጃቸው እኔን አስተዋውቀው ከብቶቹን ሊያዩ ወደ ጓሮ ዞሩ። ጉልበት ስሜ ተቀመጥኩ። ልጄን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አጋደሟትና ፊቷን በእጃቸው ዳሰሱ።

«ማን አልሻት?» አሉኝ።

ስሸሸው የከረምኩት ጥያቄ ነው። ደንገጥ ብዬ፣ ሳላስበው፣ «እሱስ ለጊዜው ይቆየኝ» አልኩ።

ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። አሮጊቷ እጃቸው ልጄ ግንባር ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ያስቀየምኳቸው መስሎኝ ይቅርታ ልል ስል ቀደሙኝ።

«እኔም እንደዝሁ ነው ያልኩት» አሉ።

ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ከዚህ ልጃቸው በፊት የወለዷቸው ሁሉ ሞተውባቸዋል፤ ቁጥራቸውን አልጠሩልኝም። እሱ ክርስትና የተነሳ ዕለት ሴቶቹ ስሙን ማን አልሽው ብለው ከበቧቸው። ስም ቢያወጡለት የሚሞት ስለመሰላቸው፣ ነገሩን ለሌላ ቀን ለመግፋት ይቆየኝ አሉ። ሴቶቹ ግን ሌላውን ትርጉም ሰሙ፤ ይኑርልኝ፣ ትቶኝ አይሂድ የሚለውን። እልልታው ቀለጠ። ባላቸው ከበር ላይ ሆነው ሰሙና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው አለቀሱ።

«ባሌ ሲያለቅስ አይቸው አላውቅም» አሉኝ። «ኸዚያ ወዲያ ስም አይደለም ብዬ እንዴት ልናገር?»

ይህ ሁሉ አገር፣ ክፍል ውስጥ የሚነሱት፣ ጨው ተራ ቀና የሚሉት፣ በየደጁ እጅ የነሱኝ፣ ስማቸው የወጣው አንዲት እናት ስም ለማውጣት ፈርታ ከተናገረችው ቃል ነው። እሷ ቀጠሮ ጠየቀች፤ ሰዎቹ ጸሎት አድርገው ተቀበሏት፤ ልጁም ኖረ።

እኔም የእኔን ነገርኳቸው። የሁለቱን ልጆቼን፣ የአፌን እንቢ ማለት፣ የሚሰማውን ነገር ፍራቻዬን ሁሉ። ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩትን ነው። እሳቸው አልተገረሙም። እንዲያውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እስከዛሬ ድረስ ልጃቸውን በስሙ ጠርተውት እንደማያውቁ ነገሩኝ። አንተ ይሉታል፤ ልጄ ይሉታል። የልጅ ልጅ አይቶ ጢሙ ነጭ ሆኖ እንኳ ይፈሩለታል። አገሩ የሚጠራበትን ስም እሳቸው ብቻ አልደፈሩትም።

«እሱስ ቆየልኝ» አሉኝ። «እኔ ነኝ ሳልጠራው ያረጀሁ።»

ልጄ ጭናቸው ላይ ሆና የነጠላቸውን ጥለት ትጎትታለች። እሳቸው ደከም ያለ ዓይናቸውን ወደ ጓሮው አዞሩ። ጉሮሮአቸውን ጠረጉና፣ እንደዚያ ካለ ሰውነት ይወጣል ብዬ በማልጠብቀው ድምፅ፣ «ይቆየኝ!» ብለው ተጣሩ።

ጓሮ የነበረው ድምፅ ሁሉ ተቋረጠ።

«ማነው የጠራኝ?» አሉ ሽማግሌው።

እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። የእናታቸውን ድምፅ አጥተውት አይደለም፤ በዚያ ድምፅ ውስጥ ስማቸውን ሰምተው ስለማያውቁ ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ እናታቸው።

ሽማግሌው በቤቱ ማዕዘን በኩል ብቅ አሉ። በአንድ እጃቸው የከብት ገመድ ይዘዋል። እናታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና እናታቸውን አዩ። ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁና፣ እንደ ሕፃን ልጅ ቀጥ ብለው ቆመው፣ «አቤት፣ እማ» አሉ።

እናትዬው የፈለጉት አቤት ሲላቸው መስማት ብቻ ነበር። ልጄን ከጭናቸው አንስተው መለሱልኝና እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጫን አድርገው ጠበቁኝ። ምን እንደሚጠብቁ ገባኝ። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ፣ እኔ ራሴ በደንብ ሳልሰማው፣ «ትቆየኝ» አልኳት።

እሳቸው ግን ሰምተዋል። ቃሉን በአፋቸው አንዴ አላመጡትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኸኛውስ ቀጠሮ የለበትም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለሌላ ጊዜ የሚገፋ ነገር ይቆየኝ ይባላል እንጂ ትቆየኝ አይባልም። በሴት ሲሆን ልመናው ብቻ ነው የሚቀረው፤ ፈርቼ የምደበቅበት ሌላ ትርጉም የለውም።

«ጮክ በይ» አሉኝ።

ማንም ይስማ ብዬ፣ ጮክ ብዬ ጠራኋት። ልጄም ዞረች።