ያለ ስኳር ዳቦ ቆሎ

ሐኪሙ አባቴን ስኳርና ቅባት ከከለከላቸው ወዲህ፣ ፍኖተ ሰላም ባለው ቤታችን ጠዋት ጠዋት ፓስቲ መግዛት ቀረ። እኔም ከገብስ ዱቄትና ከተልባ፣ ያለ ስኳር ዳቦ ቆሎ አመስኩላቸው። ሳምንቱን ሙሉ "እጅሽ ይባረክ" እያሉ በሉት። አንድ ጠዋት ሳያዩኝ ብገባ፣ እያንዳንዷን ፍሬ ወተት ውስጥ እየነከሩ እስክትርስ ይጠብቃሉ። አንሥቼ ብቀምሰው ጠጠር ነው።

"አባባ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?"

"ለእኔ ብለሽ ስትለፊ እያየሁ፣ ጥርሴ አልቻለውም ልበልሽ?"

አፈርኩ። በማግስቱ ያንኑ ዱቄት በእንቁላልና በእርጎ ለውሼ ስስና ለስላሳ ቂጣ ጋገርኩላቸው። ቆረስ አድርገው አላመጡና፣ ሁለተኛውን ጉርሻ እኔን አጎረሱኝ።

"ይኸኛውን አብረን እንብላው" አሉኝ።