በየእሁዱ የጸለይንለት ባንድ

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር በትራም አምስተርዳም ዳር ወዳለው ሰፈራችን ወደ ኒው ዌስት ስንመለስ፣ ስልኳን ስታይ ቆይታ ድንገት ክንዴን ያዘችኝ። «አባዬ፣ ሉይስተር፣ ሊመለሱ ነው» አለች፤ ሉይስተር በሆላንድኛ ስማ ማለት ነው። እነማን ናቸው ብላት የአንድ አሜሪካዊ የሮክ ባንድ ስም ጠራችልኝ። ተበትነው ኖረው አሁን እንደገና ተሰባስበዋል፤ አምስተርዳምም ሊጫወቱ ነው። «አንተ አታውቃቸውም» ብላ ጨመረችበት። እዚህ ያደገች ልጅ ናት፣ አባቷን አንተ ነው የምትለው፣ ለምጄዋለሁ። አላውቃቸውም አልኳት። ፊቴ ሲሞቅ ግን ተሰማኝና ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

አውቃቸዋለሁ። ስማቸውን እዚህ የማልጽፈው ግማሹ አንባቢ ስለማያውቃቸው ነው፤ የተቀረው ደግሞ የትኛው አልበማቸው እንደሚበልጥ ሊከራከረኝ ይመጣል። እኔ ስለ አልበም የማውቀው የለም። የማውቀው ስለ ካናቴራ ነው።

በወጣትነቴ የባንዶች ፎቶ የታተመበት ካናቴራ ከኮንሰርት አዳራሽ ደጃፍ ላይ እሸጥ ነበር። የፈቀደልኝ ሰው አልነበረም። ሮተርዳም ያለ አንድ ቱርክ ጓዳው ውስጥ ያትምልኛል፣ እኔ በስፖርት ሻንጣ ተሸክሜ እቆማለሁ። ፖሊስ ብቅ ሲል ሻንጣዬን ዘግቼ የከተማ ካርታ እዘረጋለሁ። መንገድ የጠፋበት ሐበሻ ማንም አይጠረጥርም።

እነዚህን ልጆች መጀመሪያ ያገኘኋቸው እዚያው ሮተርዳም፣ ወደቡ አጠገብ ባለች ጠባብ አዳራሽ በር ላይ ነው። የመጡት በአንዲት ጭቃ በለበሰች መኪና ነበር። ድምፃዊው ረጅም፣ ፀጉሩ ዓይኑን የሸፈነ ልጅ ሲሆን ከመኪናዋ ተደግፎ ፓታት የሚሉትን የድንች ጥብስ በማዮኔዝ ይበላል። ካናቴራዬን አየና ጠጋ አለ። በቃ ተያዝኩ ብዬ ካርታዬን ፈለግሁ።

«የእኛው ሲታጠብ ያጥራል። የአንተስ?» አለኝ።

«የእኔን ባታጥበው ይሻላል» አልኩት።

ፓታቱ ትን እስኪለው ሳቀ። ከዚያ የገዛ ፊቱ ያለበትን አንድ ካናቴራ መርጦ ከእኔ ገዛ። ያን ቀን ጉንጩ ሙሉ ነበር።

የምኖረው ኒው ዌስት ውስጥ ከጋሽ ወርቁና ከባለቤታቸው ከእትዬ ብርሃኔ ቤት ነበር። ጋሽ ወርቁ ቢሮ ያጸዳሉ፣ እሁድ ደግሞ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ የምትሰበሰበው የትንሽዬዋ የወንጌል አማኞች ኅብረታችን ሽማግሌ ናቸው። ዘመዴ አይደሉም። አድራሻቸውን ሰጥተው ማዘጋጃ ቤት ያስመዘገቡኝ ግን እሳቸው ናቸው። በዚህ አገር አድራሻ የሌለው ሰው ሐኪም የለውም፣ ባንክ የለውም፣ በአጭሩ የለም። እኔን ያኖሩኝ እነሱ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

በኅብረታችን ልማድ ከስብከት በኋላ እያንዳንዱ ሰው የጸሎት ርዕስ ያቀርባል። ጋሽ ወርቁ ሥራ እንዳገኝ ብዙ ስላስጸለዩልኝ አንድ እሁድ ዝም ማለቱ ከበደኝና ተነሣሁ። «ሥራ አግኝቻለሁ። ከአንድ አሜሪካዊ የሙዚቃ ቡድን ጋር ነው። እንዲሰፋ ጸልዩልኝ» አልኩ።

ጋሽ ወርቁ በልጅነታቸው ያዩት አሜሪካዊ ሁሉ ሚሲዮናዊ ነው።

«ጊታር ይመታሉ?» አሉኝ።

«ጊታርማ ይመታሉ።»

«ክብር ለጌታ» አሉ። አዳራሹ አሜን አለ፤ እኔም ቁጭ አልኩ።

ከዚያ በኋላ በየእሁዱ ተጸለየላቸው። እነሱም ሰፉ። የባንድ ዕድገት በካናቴራ ልክ ይታወቃል፤ መጀመሪያ ትንንሹን ቀጫጭን ተማሪዎች ይገዙታል፣ ከዚያ መካከለኛው ያልቅብሃል፣ ቦርጫም አባቶች መጥተው ትልቁን ሲጠይቁህ ባንዱ ጫፍ ደርሷል ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት አምስተርዳም ሲመጡ የተጫወቱት ድሮ ቤተ ክርስቲያን በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። ይህንኑ ቤት ውስጥ ባወራ እትዬ ብርሃኔ እልል አሉ። ምን ልበላቸው? ቃሌ እውነት ነበር።

ያን ቀን ድምፃዊው ከመኪና ሲወርድ ሁለት ሰዎች ብብቱን ይዘውት ነበር። በአጠገቤ አለፈ፤ አላየኝም። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው። እሱ በከሳ ቁጥር የእኔ ሻንጣ ቶሎ ይቀላል። ቱርኩን አዲሱን፣ የከሳውን ፎቶ አትም አልኩት።

ነገሩ የፈነዳው ዴን ሃግ፣ ማለትም ሄግ ከተማ ላይ ነው። በበጋ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ መግቢያው በነጻ በሆነ ሰፊ ሜዳ ላይ ሊጫወቱ መጡ። የት እንደሚጫወቱ ብቻ ለእነ ጋሽ ወርቁ ነግሬ፣ ስብሰባ ቀርቼ ሄድኩ። ሣሩ በቢራ ርሷል፣ የተጠበሰ ቋሊማ ጭስ ዓይን ያቃጥላል። ካናቴራዬን ክንዴ ላይ ደርድሬ ስጮህ፣ ጥቁር በለበሰው ሕዝብ መሐል አንድ ነጭ ነጠላ አየሁ። እትዬ ብርሃኔ ናቸው። ድፎ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በዘንቢል ይዘዋል። ከጎናቸው ጋሽ ወርቁ ሙሉ ልብስ ከነከረባት ለብሰዋል።

«ልናስደንቅህ ብለን ነው» አሉኝ ጋሽ ወርቁ። ክንዴን አዩ፣ ዙሪያውን አዩ። 

ያን ጊዜ ባንዱ ጀመረ። ምድሪቱ ተንቀጠቀጠች። የምተኛበት አልጋ፣ አድራሻዬ፣ በዚህ አገር ልጄ የሚሉኝ ሁለት ሰዎች፣ ሁሉም እዚያች ሜዳ ላይ ሲያልቅ ታየኝ። ወደ ባቡር ጣቢያው ልውሰዳችሁ አልኩ። ጋሽ ወርቁ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ፤ ዓይናቸው መድረኩ ላይ ነው።

ድምፃዊው ዘፈኑን መሐል ላይ አቋረጠ። ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ቆመ፣ ከዚያ ተንበርክኮ ግንባሩን ወለሉ ላይ አደረገ። ሕዝቡ የትርኢቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ፣ አፏጨ። ቀና ሲል ፊቱ በትልቁ ስክሪን ላይ መጣ።

«ይህ ልጅ ምግብ በልቶ ያውቃል?» አሉ እትዬ ብርሃኔ።

ጋሽ ወርቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለምን አልነገርከንም?»

«ዘፋኞች መሆናቸውን ነው? ጋሼ፣ ፈርቼ ነው።»

«እሱንማ ደርሰን አየነው። ልጁ መታመሙን ነው የምልህ። ይስፋ፣ ይስፋ እያልን ስንጸልይ ከረምን። እንዲህ መሆኑን አንተ ታውቅ ነበር?»

አላውቅም ልል አፌን ከፈትኩ። ፊቱ ክንዴ ላይ በደርዘን ተደርድሮ ነበር። ከጎኔ የቆመ አንድ ሆላንዳዊ ያን ጊዜ ትልቅ ቁጥር አለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

በባቡር ስንመለስ እትዬ ብርሃኔ እንቁላል ልጠው ሰጡኝ። ከቤት አላስወጡኝም፤ በኅብረቱ ፊትም ስሜን አላነሡም። በሚቀጥለው እሁድ ጋሽ ወርቁ የጸሎት ርዕስ ሲያቀርቡ «ለዚያ ልጅ ጤና» ብቻ አሉ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ባንዱ ከዚያ ብዙ አልቆየም። በጉዟቸው መሐል ድምፃዊው ሆስፒታል ገባና ተበተኑ። ወሬው በተሰማ ሳምንት ካናቴራው እንደዚያ ተሽጦ አያውቅም። እኔም ሸጥኩት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሻንጣና መጋረጃ ንግድ የዞርኩት፤ መጋረጃ ላይ የሰው ፊት የለም።

ከትራሙ ስንወርድ ልጄን፣ ድምፃዊው አሁን እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳት። ገርሟት አየችኝ፤ ከዚያ ፈልጋ አነበበችልኝ። ታክሞ ድኗል። ብዙ ዓመት በአንዲት ትንሽ ከተማ አናጢ ሆኖ ኖሯል። ይህን ለማወቅ ያስፈለገኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ያንንም ሳልጠይቅ ነው ፀጉሬ የሸበተው።

ማታውኑ ለጋሽ ወርቁ ደወልኩ። አርጅተዋል፣ ስም ይጠፋባቸዋል። «ያ ዴን ሃግ ያዩት ልጅ ድኗል» አልኳቸው። ማን፣ የቱ ልጅ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ተመስገን» አሉ ወዲያው። «ሰሞኑን ሳስበው ነበር።» ቀጥለውም «አንተስ ልጄ፣ ደህና ነህ?» አሉኝ።

ዕድሜ ልኬን ለገዢ መልስ አጥቼ አላውቅም። «ልጁ ሆስፒታል በገባ ሳምንት እንኳ ፊቱን ሸጬዋለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው፤ እሳቸውም ስልኩን አልዘጉትም።