የዓርብ ቁልፍ

ባጃጄን ከገዛሁ በኋላ ለወራት የተሳፈረችባት የጎረቤታችን ዶሮ ብቻ ነበረች። ግቢያችን ውስጥ በቆመችው ባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ እንቁላሏን ታቅፋ በኩራት ትቀመጣለች፤ እኔ ደግሞ በረንዳ ላይ ሆኜ እያየኋት ደሜ ይፈላል። የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ገና አልተገፈፈም። የሰሊጥ ምርቴን ሸጬ ገዝቼ አሶሳ ሳስገባት፣ ‹‹ከተማው ሞልቷል፣ አዲስ ባጃጅ አይመዘገብም›› የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ጠበቀኝ።

እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። ቢሮ ገብቼ ጮኽኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሴት እስክጨርስ ጠበቀችኝና፣ ‹‹ወንድሜ፣ አንዱ አርጅቶ ሲወጣ ባለቤቱ በፈቃዱ ቦታውን ከለቀቀልህ ያንተ ትገባለች›› አለችኝ።

‹‹መቼ ነው የሚያረጀው?››

‹‹እሱን ባጃጁን ጠይቀው።››

ቢሮው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳላስበው አብሬ ሳቅሁ።

እስከዚያው የምሠራው ዓርብ ዓርብ ነበር። ምዝገባው ከቆመ ወዲህ ሾፌሮቹ ራሳቸው ያመጡት ልማድ አለ። ለጁምዓ ሲጠራ ሙስሊሞቹ መንጃ ፈቃድ እያለን ቦታ ላጣነው ክርስቲያኖች ቁልፋቸውን ሰጥተውን መስጊድ ይገባሉ። እሁድ ጠዋት ደግሞ ክርስቲያኖቹ እንደኛው ቦታ ላጡ ሙስሊሞች ሰጥተው ይሳለማሉ። በዚያች ሰዓት የሠራኸው ያንተ ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ሰውየው ጸሎቱን ጨርሶ ሲወጣ ባጃጁ በር ላይ ሊጠብቀው ይገባል። ቁልፍ ተቀብሎ ተበላሽቶ የቆመ ባጃጅ የመለሰ ሰው፣ ሁለተኛ ቁልፍ የሚሰጠው የለም።

ለእኔ ቁልፍ የሚሰጡኝ ከተማው ሁሉ ሐጂ የሚላቸው የበርታ ሽማግሌ ነበሩ። ባጃጃቸው የአሶሳ ባጃጆች ታላቅ ናት። ጥሩንባዋ ከተበላሸ ስለቆየ፣ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ‹‹ያላ! ያላ!›› እያሉ ነው መንገድ የሚያስለቅቁት። ቦታ ፈላጊው ሁሉ ዓይኑን የጣለው እሷ ላይ ነው። ሻይ እየጋበዘ ስለ ጤናቸው የሚጠይቃቸው ብዙ ነው፤ እሳቸውም ሻዩን ጠጥተው፣ ‹‹እኔ ደህና፣ ባጃጅም ደህና፣ አልሐምዱሊላህ›› ብለው ይነሳሉ። አንድ ቀን ሻይ ቤት ውስጥ እኔም ደፍሬ፣ ‹‹ሐጂ፣ መቼ ነው የሚያርፉት?›› አልኳቸው።

‹‹ቤት ቁጭ ካልኩ ማን ያናግረኛል?›› አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ደግሜ አልጠየቅኋቸውም።

የሚያስቀው ነገር፣ ያቺን አሮጊት በሕይወት የማቆያት እኔው መሆኔ ነው። ዓርብ በመጣ ቁጥር አንድ ነገሯ ይበጠሳል፣ እኔ እቀጥላለሁ። ካንዴላዋን እጠርጋለሁ፣ ፍሬኗን አጠብቃለሁ። እንደ እኔው የወሎ ሰፋሪ ልጅ የሆነችው ባለቤቴ እጄን በግራሶ ተለውሶ ስታየኝ፣ ‹‹ይኸ ሰውዬ ጤና የለውም! ሰው እንጀራውን የዘጋበትን እንዲህ ያስታምማል?›› እያለች ትስቅብኛለች።

በማንጎ ወቅት አንዲት ሴትዮ ከነማንጎዋ ጭኜ ከገበያ ስወጣ ሞተሩ ድርግም አለ። ብፈትሸው ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ኮይል ተቃጥሏል። የመለዋወጫው ሱቅ ዝግ ነው፤ ባለሱቁም መስጊድ ነው። ቆሜ አሰብኩ። ዝም ብዬ ብተዋትስ? እድሜዋ ነው፤ ሐጂም ይበቃል ይላሉ፤ የእኔዋ ትገባለች። ልቤ ዘለለ።

‹‹ምን ቆመህ ታስባለህ?›› አለች ሴትዮዋ። ‹‹ማንጎው እዚሁ በሰለ እኮ!››

ሐጂ ከመስጊድ ወጥተው ግራና ቀኝ ሲያዩ በዓይነ ሕሊናዬ ታዩኝ። እንኳን ልተዋቸው፣ ማሰቡም ከበደኝ። ቤቴ ቅርብ ስለነበረ ሮጬ ገባሁ፣ ዶሮዋን አባረርኩ፣ የአዲሷን ባጃጄን የሞተር ክዳን ከፈትኩ።

‹‹ምን ልትሆን ነው?›› አለች ባለቤቴ።

‹‹ኮይሏን ልወስድ ነው! ሐጂ ሊወጡ ነው!››

‹‹ጎሽ! አሁንስ ለየልህ!›› አለች። ካቻቪቴውን ፈልጋ ያቀበለችኝ ግን እሷው ነበረች።

ኮይሉን ቀይሬ፣ ማንጎ እየበላች የጠበቀችኝን ሴትዮ አድርሼ መስጊዱ በር ስደርስ ሰው መውጣት ጀምሯል። ሐጂ ገብተው ሞተሩን አስነሱ። ወዲያው ተነሳ። አጠፉት፣ ደግመው አስነሱት።

‹‹ይሄ የኔ አይደለም። የኔ ያስለምናል›› አሉ። ‹‹ምን አደረግህ፣ ወለዲ?›› ልጄ ማለታቸው ነው።

ነገርኳቸው።

‹‹ከራስህ አውልቀህ?››

‹‹ሱቁ ዝግ ነበራ፣ ሐጂ።››

ጥምጥማቸው እስኪፈታ ሳቁ። ከዚያ ከሾፌር ወንበር ወርደው፣ ‹‹ቤትህ አሳየኝ›› አሉኝ።

ግቢያችን ገብተው ሞተሯ ተከፍቶ የቆመችውን ባጃጄን አዩ። ጣሪያዋን በመዳፋቸው ዳበሱት። ‹‹ሰው ሁሉ የኔ ባጃጅ እስኪሞት ይጠብቃል። አንተ አዳንከው። ኸላስ፣ አሁን ይረፍ። ይሄ ይግባ›› አሉ።

እንባዬ መጣ። ባለቤቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጎረቤት ሰርግ መስሎት ተንጋጋ። እኔ ግን በደስታዬ መሃል ያ ሻይ ቤት የነገሩኝ ነገር ወጋኝ።

‹‹ሐጂ፣ ቤት ሲቀመጡስ ማን ያናግርዎታል?››

‹‹ማን ይቀመጣል? ከኋላ ጥግ ያለው ወንበር የኔ ነው›› አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቢሮ ሄደው ፈረሙልኝ። ኮይሏን ወደ አዲሷ ባጃጄ መለስኩ፣ ላስቲኩን ገፈፍኩ፣ የጎን ቁጥር ተጻፈላት። በመጀመሪያው ጠዋት ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ከኋላ ጥግ ተቀመጡ። የሚሳፈረው ሁሉ ‹‹ሐጂ! ዛሬ ደግሞ ተሳፋሪ ሆኑ?›› እያለ እጃቸውን ይስማል፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ባምባሲ ገበያ ያወራቸዋል። እኔ ከፊት ሆኜ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። ደስታዬን የምይዝበት አጥቼ መሪውን ጨብጬዋለሁ።

ሰው ሁሉ ወርዶ ሁለታችን ስንቀር በመስታወት አየኋቸው። በጎን በኩል የማንጎ ዛፎቹን፣ የቀርከሃ አጥሮቹን፣ ትምህርት ቤት የሚገቡትን ልጆች ያያሉ።

‹‹ወለዲ፣ ይሄ ከተማ ቆንጆ ነው እኮ። እኔ ስንት ዘመን መንገድ ብቻ ነበር የማየው›› አሉ።

ፍጥነቴን ቀነስኩላቸው። ‹‹የት ይወርዳሉ፣ ሐጂ?›› አልኳቸው።

‹‹ወራጅ የለም፣ ንዳ›› አሉ።