ኒቃብ ተውሼ የሄድኩበት ክሊኒክ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ኮምቦልቻ አስተማሪ ነኝ፤ ከወለድኩ ጀምሮ ያለ ምክንያት ፍርሃት እየያዘኝ እንቅልፍ አጣሁ። ፈቃድ ያላት የሥነ ልቦና ባለሙያ ደሴ ፒያሳ ላይ የግል ክሊኒክ እንደከፈተች ሰማሁ። «አበደች» እንዳልባል፣ ይልቁንም ደሴ ያለችው እናቴ እንዳትሰማ ብዬ፣ ለብሼው የማላውቀውን ኒቃብ ከጎረቤቴ ተውሼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ተራ መጠበቂያው ላይ ኒቃብ የለበሱ አንዲት ሴት ብቻ ተቀምጠዋል። ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ አንገቴን ብቻ ሰበር አድርጌ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ሴትየዋ ቀስ ብለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣

«አብሽሪ ልጄ፣ እኔም እንዳንች ጨንቆኝ ነው። ይች ሐኪም ምስጢር ትይዛለች? ወላሂ፣ ኮምቦልቻ ያለችው አስተማሪዋ ልጄ ከሰማች ምን ይውጠኛል!» አሉኝ።

ድምፁ የእናቴ ነበር።