አትስገብገቢ ተብላ ያደገች ልጅ

ስብሰባው በየወሩ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ ነበር፤ የሚያስቀምጡንም የአምስት ዓመት ልጅ ወንበር ላይ። ከሁሉ በፊት ይህን የማነሣው እስከ ዛሬ ስለሚያናድደኝ ነው። ስለ ጥቁርና ስለ ስደተኛ ልጆች ክብር እንወያይ ብለው የጠሩን ሰዎች፣ ቀኑን ሙሉ ልጅ ተሸክመው የዋሉ ትልልቅ ሴቶችን ጉልበታቸው አገጫቸው እስኪነካ አጣጥፈው ያስቀምጧቸዋል። የምትሽከረከር ወንበር ያላት አስተባባሪዋ ብቻ ናት። እየተሽከረከረች ስለ እኩልነት ታስረዳናለች።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥር አለፍ እንዳለ ነው። አክስቴ ደቡብ ሲያትል ውስጥ ቤቷን ዴይኬር፣ የሕፃናት መዋያ፣ አድርጋ ትሠራ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በዲቪ እንደመጣሁ እሷ ጋ አረፍኩና ረዳቷ ሆንኩ። አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ቀኑን ሙሉ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ንፍጥ ስጠርግ እውላለሁ። ወላጆቹ ታክሲ የሚነዱና ኤርፖርት የሚሠሩ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ከነፒጃማቸው በር ላይ አስረክበውን ይበራሉ።

ትምህርት ቤቱ ከሰፈሩ ዴይኬሮች ጋር «ፓርትነርሺፕ» ጀመረ ተባለና ተጠራን። ዓላማው ጥቁር ልጆች ኪንደርጋርተን ሲገቡ ከነጮቹ እኩል እንዲጀምሩ ነው። ዓላማውን ማን ይጠላል? የማልወደው አካሄዱን ነው። አስተባባሪዋ ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ትለጥፍና «ኢኩዊቲ፣ ፍትሐዊነት፣ ለእናንተ ምንድን ነው? በአንድ ቃል!» ትላለች። አክስቴ «ላቭ» ትላለች። ከጎኗ ያለችው ሴት «ፒስ»። ሌላዋ «ጋድ»። ሁሉም ይጻፋል። አንድ ቀን እኔ «ወንበር» አልኳት። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ «ዋው፣ በጣም ጥልቅ ነው» አለችና ጻፈችው። በሚቀጥለው ወር ስንመለስ ቃሉ ግድግዳው ላይ አለ፤ ወንበሮቹም እነዚያው ናቸው።

የእኛዎቹንም አላልፋቸውም። አስተባባሪዋ «ሥራችን እንዴት ነው? ቅሬታ ካለ ንገሩን» ስትል ሁሉም «ኖ፣ ኖ፣ ቬሪ ጉድ፣ ታንክ ዩ» ነው። መኪና ውስጥ ገብተን በሩ እስኪዘጋ ነው እንግዲህ። ከዚያ በኋላ ሴትየዋ ከጫማዋ እስከ ጆሮ ጌጧ ትቦጨቃለች።

«እዚያው ለምን አትነግሪያትም?» እላለሁ።

«አንቺ ደግሞ! ሰው ጠርቶሽ፣ ቤቱ አስገብቶሽ፣ ትሰድቢዋለሽ?» ትለኛለች አክስቴ።

እዚያ ስብሰባ ላይ እውነት የሚናገሩ አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ። የሲያትል ጥቁሮች ሰፈር በሆነው በሴንትራል ዲስትሪክት ተወልደው ያደጉ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፤ እሳቸውም ቤታቸው ዴይኬር አላቸው። እንግሊዝኛ አንቱ ባይኖረውም እኔ በሆዴ አንቱ እላቸዋለሁ። ለእሳቸው ብቻ ነው እንዲህ የማደርገው።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ። እኛ ዴይኬር ውስጥ ካሉት ሁሉ አፈኛዋ እሷ ነበረች። አራት ዓመት ተኩል ቢሆናት ነው። ትንንሾቹን ሽንት ቤት በር ላይ አሰልፋ ተራ ታስከብራለች። አክስቴ ስልክ ስታወራ ድምፅዋን ቀድታ «እሺ የኔ ጌታ፣ እሺ፣ ኮል አደርግልሃለሁ» እያለች በሳቅ ትገድለናለች፤ እናቷ እንኳ ከበር ላይ ሰምታ አክስቴ የመሰለቻት ጊዜ አለ። ስሟን ትጽፋለች። የማትወደውን ልጅ ስም ደግሞ ጽፋ ትሰርዘዋለች።

ኪንደርጋርተን ከመግባቱ በፊት ልጅ ሁሉ ይታያል፤ አስተባባሪዋ አንድ ሳጥን አሻንጉሊት ይዛ ትቀመጥና ልጁ ምን እንደሚችል ትመለከታለች። የልጅቷ እናት ኤርፖርት አውሮፕላን ታጸዳለች። ያን ቀን ከሥራ ለምና ወጣች። አክስቴም አለሁ ብላ ተነሣች፤ ነጂዋ እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ ሁለቱ ልጅቷን መሃል አድርገው ማስተማር ጀመሩ።

«የሰው ዕቃ እንዳትነኪ» አለች እናቷ።

«ሲሰጡሽ ዘለሽ እንዳትወስጂ» አለች አክስቴ። «'ኖ ታንክ ዩ' በይ። አትስገብገቢ። የጨዋ ልጅ መሆንሽን ይዩ።»

«እጅሽን እዚህ» አለችና እናቷ የልጅቷን ሁለት እጆች ጭኗ ሥር ከተተቻቸው።

እንግዲህ ሁላችንም እንዲህ ነው ያደግነው። ሰው ቤት የቀረበልሽን በመጀመሪያው ቃል የምትወስጂ ከሆነ ያሳደገሽ የለም ማለት ነው። እንቢ ትያለሽ፣ ይለምኑሻል፣ እንቢ ትያለሽ፣ በሞቴ ይሉሻል፣ ከዚያ እያፈርሽ ትወስጃለሽ።

አስተባባሪዋ ሳጥኑን ከፈተች። በቀለም የተቀቡ የእንጨት ኩቦች፣ ክሬዮን፣ መቀስ፣ የሥዕል መጽሐፍ አለበት። የልጅቷ ዓይን ሊወጣ ደረሰ። እጆቿ ግን ከጭኗ ሥር አልወጡም።

«ግንብ ልትሠሪልኝ ትፈልጊያለሽ?»

«ኖ ታንክ ዩ።»

«ሥዕል መሣል ትፈልጊያለሽ?»

«ኖ ታንክ ዩ።»

«ይህን መጽሐፍ አብረን እንየው?»

ልጅቷ ዘወር ብላ እናቷን አየቻት። እናቷ በኩራት ራሷን ነቀነቀች፤ ጎበዝ ማለቷ ነው። «ኖ ታንክ ዩ።»

ጥግ ላይ ሆኜ «እንደገና ጠይቂያት፤ ትፈልጋለች እኮ» አልኩ። አስተባባሪዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ባህላችሁን እናከብራለን፣ ግን ልጅ ሲታይ ከጎን አይረዳም አለችኝ። ሳጥኑ ተዘጋ። ልጅቷ የተዘጋውን ሳጥን ስታይ የነበራትን ፊት እኔ አይቻለሁ። አስተባባሪዋ ያየችው ግን ሌላ ነገር ነው።

በሳምንቱ ጠራችንና ለስለስ ባለ ድምፅ ተናገረች፤ ልጅቷ ወደኋላ የቀረች ስለሆነች ዋናው ክፍል ሳይሆን ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሿ ክፍል ትሻላታለች። ተጨማሪ ድጋፍ አለ፤ አስተማሪ ብዙ፣ ልጅ ጥቂት። የሚቀረው የእናቷ ፈቃድ ነው፤ እሱም በሚቀጥለው ስብሰባ ይጠናቀቃል። እናቷ ደስ አላት። አክስቴ «ጋድ ብለስ ዩ» አለች።

ሲወጡ ተከትያቸው ልወጣ ስል እኚያ እውነት የሚናገሩት ሴትዮ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዙኝ። የዴይኬራቸውን ልጆች ለማስታየት መጥተው ሰምተውናል።

«በመስታወቱ እይና ምን እንዳየሽ ንገሪኝ» አሉኝ።

ትንሿን ክፍል አየሁ። «ጥቁሮች ናቸው» አልኳቸው።

«ሁሉም?»

«አንድ ሜክሲካዊ አለ።»

«ኦኬ። ዓይንሽ ጤነኛ ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የልጅ ልጄ እዚህ ሲገባ አምስት ዓመቱ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ነው አሉን። አሁን ጢም አብቅሏል፤ ትምህርት ቤት በተቀየረ ቁጥር ትንሿ ክፍል አብራው ትቀየራለች።»

ማታ ለአክስቴ ነገርኳት። እጇን አወናጨፈች።

«እነሱ ሌላ፣ እኛ ሌላ። የእነሱ ልጆች ይረብሻሉ። የእኛ ልጅ ጨዋ ናት።»

«ጨዋነቷ ነው እኮ የጣላት!»

«አትጩኺብኝ።»

«አስተባባሪዋ ስታያት ሐበሻ ናት፣ የጨዋ ልጅ ናት ብላ የምታይ መስሎሽ ነው? ያቺ ክፍል ውስጥ አንድም ነጭ ልጅ የለም። አንድ! ነጭ ልጅ 'ኖ' ሲል ዓይን አፋር ነው ይሉታል፤ የእኛ 'ኖ' ስትል ወደኋላ የቀረች ናት።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ልሳደብ?»

«አዎ!»

«እግዚአብሔር ይይልሽ» አለችኝና ወደ ኩሽና ሄደች። የጥቁርነት ወሬ ሲነሣ ሁልጊዜ ወደ ኩሽና ትሄዳለች። ስንቶቻችን ነን እንደዚያ የምንሸሽ።

ስብሰባው ደረሰ። የልጅቷ እናትም ፈቃዷን ልትሰጥ መጥታለች። ጠረጴዛው ላይ ሳንድዊችና ኩኪስ ተደርድሯል። «ሄልፕ ዩርሰልፍ!» አለች አስተባባሪዋ። ሴቶቹ ሁሉ ከሥራ ነው የመጡት፤ የአክስቴ ሆድ ሲጮህ አጠገቧ ሆኜ እሰማለሁ። ማንም አልተነሣም። አስተባባሪዋ ትሪውን አንሥታ ፊታቸው አቀረበች። «ኖ ታንክ ዩ።» «ኖ ታንክ ዩ።» «ኖ ታንክ ዩ።» ትሪው ዞሮ ተመለሰ። ፕላስቲኩን መልሳ ልትሸፍነው ስትል ከዚያች ጉድ ወንበር ላይ ተነሣሁ።

«አትሸፍኚው። እሷን እንደገና ጠይቂያት» አልኳት ወደ አክስቴ እያመለከትኩ።

«ምነው አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ!» አለች አክስቴ በአማርኛ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

አስተባባሪዋ ግራ ገብቷት ጠየቀቻት። «ኖ፣ ኖ፣ በልቻለሁ» አለች አክስቴ። «እንደገና» አልኳት። «እባክሽ» አለች ፈረንጇ። አክስቴ ፊቷ ቀልቶ «እሺ፣ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው» አለችና ሳንድዊቹን ወሰደች። ከዚያ ትሪው እንደገና ዞረ፤ በአንድ ዙር ባዶ ሆነ።

«እነዚህ ሁሉ ሴቶች ቀድሞ 'ኖ' ብለውሻል» አልኳት። «ሁሉንም ትንሿ ክፍል አስገቢያቸዋ! ያቺ ልጅ ያደረገችው ይህንኑ ነው።»

አክስቴ ሳንድዊቹን ይዛ «አዋረድሽኝ» አለችኝ።

አስተባባሪዋስ? ዓይኗ እንባ አቀረረ! እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ታሪክሽን ስላካፈልሽን አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ያለ ትምህርት ነው የምንፈልገው አለችና ትልቁ ወረቀት ላይ «እንደገና ጠይቁ» ብላ ጻፈች፤ ሥሩንም አሰመረችበት። እኔ ልጅቷስ ስላት ውሳኔው ያለፈ ነው፣ አሠራር አለ፣ ይህ ለወደፊቱ ይጠቅመናል አለች። ለወደፊቱ! ልጅቷ በመስከረም ነው የምትገባው።

ያን ጊዜ እኚያ ሴትዮ አፋቸውን በናፕኪን ጠረጉ። «የጻፍሽውን አንብቢልኝ፣ የኔ ማር» አሏት። አነበበችላቸው። «ሶ፣ ጠይቂያታ» አሉ።

አስተባባሪዋ ወረቀቱን አየች፣ እኛን አየች። የራሷ እጅ የጻፈውን ማጠፍ አልቻለችም። የልጅቷ እናት ፈቃዱን እንድትፈርምበት የተሰጣትን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ አልፈረመችም።

ልጅቷ እንደገና የምትታይበት ቀን ደርሶ ስንሄድ መኪናውን ፓርክ አደረግኩና ዞሬ እናቷን አየኋት። ማድረግ ያለባትን ታውቃለች፤ አፏ ግን እንቢ ብሏታል። ልጇን ባለጌ ሁኚ ልትላት እኮ ነው። በመጨረሻ ወርዳ ልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለች።

«የኔ እናት፣ ዛሬ ያለውን ሁሉ ውሰጂ።»

«ሲሰጡኝ?» አለች ልጅቷ።

እናቷ የልጅቷን ሁለት እጆች ያዘቻቸው። «ሳይሰጡሽም።»

አክስቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ዛሬ ብቻ!» አለች ከኋላ።

ልጅቷ ሳጥኑ በቅጡ ሳይከፈት ገባችበት። ግንቡን ሠራች፣ አፈረሰች፣ ከፍ አድርጋ ሠራች። ሥዕል ሣለች፤ ማን ናት ስትባል «አንቺ ነሽ፣ ወንበርሽ ላይ» አለቻት። መጽሐፉን ከእጇ ነጥቃ ራሷ አነበበችላት፤ ያላወቀችውን ፈጠራ ጨመረችበት። ሲበቃት የሴትየዋን መነጽር አንሥታ ዓይኗ ላይ አደረገችና የአክስቴን ድምፅ አወጣች፤ «እሺ፣ ኮል አደርግልሃለሁ።» እናቷ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

አስተባባሪዋ ዋናው ክፍል ይገባታል አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ ራሷን መቆጣጠር ላይ ትንሽ ክትትል ሳያስፈልጋት አይቀርም አለች። አዩልኝ? ብትቀመጥም ጥፋት ነው፣ ብትነሣም ጥፋት ነው።

ስንወጣ እኚያ ሴትዮ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ደስ አላቸው፤ ልጅቷን ግንባሯን ሳሟት። «እንደገና ጠይቁ» የሚለው በሚያምር ፖስተር ታትሞ ተሰቅሏል፤ በብዙ ቋንቋ፣ የእኛም አለበት። የተሰቀለው ትንሿ ክፍል በር ላይ ነው። በመስታወቱ አየሁ፤ እነዚያው ልጆች ናቸው።

«እነሱንስ ማን ጠየቃቸው?» አሉኝ ሴትዮዋ። ፖስተሩን አሳየኋቸው። ሁለታችንም የምሬት ሳቅ ሳቅን።

መኪና ውስጥ ግማሽ መንገድ ስንደርስ የልጅቷ እጅ ተከፈተ። ቀይ የእንጨት ኩብ።

«ወይኔ ጉዴ! ሌባ ሊሉን ነው!» አለች አክስቴ። «መልሺ፣ መኪናውን መልሺ!»

«የኔ እናት፣ ይህን ማን ሰጠሽ?» አለች እናቷ።

«ውሰጂ ብለሽኝ የለ?» አለች ልጅቷ በእንግሊዝኛ።

«ዛሬ ብቻ ነው ያልንሽ!»

ልጅቷ በመስኮቱ ፀሐይዋን አየችና ኩቡን መልሳ ጨበጠችው። «ዛሬ መቼ አለቀ?»

እናቷ የልጇን የተጨበጠ እጅ በእጇ ሸፈነችው። «ተያት፣ እትዬ፤ ይቅርባቸው» አለቻት አክስቴን። እኔም መሪውን አላዞርኩም።