«ማኖ» ያለኝ ሐኪም

ቀኝ እጄ መጀመሪያ የከዳኝ ሳማትብ ነው። ጠዋት ደጅ ወጥቼ፣ ወደ ቀራንዮ ቤተ ክርስቲያን ዞሬ እጄን ሳነሳ ግንባሬ ጋ ሳይደርስ ወደቀ። ደግሜ ሞከርኩ። ወደቀ። ባለቤቴን አስካለን ልጠራ ስል አፌ ተጣመመ። ከዚያ እግሬ ከዳኝ። ከዚያ መሬት።

አንዱ ጎረቤት «ምች ነው» አለ፤ ሌላው «ነፋስ መትቶት ነው» አለ። ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ፣ ጠበል ረጩኝ። አንደበቴ ቀስ እያለ ተፈታ፣ እግሬም በምርኩዝ መርገጥ ጀመረ። እጄ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ይህን የምጽፈው በዚሁ ደዌ ለተኛ ሰው ነውና፣ ከመታመሜ በፊት ምን እንደነበርኩ ላስረዳ። ኮርቻ ሰፊ ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ለመኳንንት በቅሎ ኮርቻና ልጓም ስሰፋ ኖሬ፣ ጣልያን ሲገባ ጌቶቹም በቅሎዎቹም ተበታተኑ። እኔም «ሸምግያለሁ፣ ይበቃኛል» ብዬ ወስፌዬን ጣራ ሥር ሰክቼ መደብ ላይ ተቀመጥኩ። ጡረታ ማለት መቀመጥ ይመስለኝ ነበር። አስካለ አልጣማትም። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት አሉ፤ እርስዎ የሚያፋቷት ልጅ እንኳ የለዎት» ትለኝ ነበር።

ጣልያኖች ወደከፈቱት ሕክምና ቤት እንሂድ ስትለኝ አሻፈረኝ አልኩ። አገሬን ለወሰደ እጄን አልሰጥም!

«የማይሠራውን እጅ ነው የሚሰስቱት?» ብላ የሰው በቅሎ አስጭና ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። አጠገቡ ያገራችን ሰው አስተርጓሚ ቆሟል። ሐኪሙ ቀረብ ብሎ አየኝና «ማኖ!» አለ።

ደሜ ፈላ። በዚህ ሽበቴ፣ አንቱ እየተባልኩ በኖርኩበት አገር፣ ጎረምሳ «ማነው» ይበለኝ?

«ኮርቻ ሰፊው በላቸው ነበርኩ!» ብዬ ጮህኩበት።

አስተርጓሚው ሳቁን መያዝ አቃተው። «አባባ፣ ማኖ ማለት በነሱ ቋንቋ እጅ ማለት ነው። እጅዎን ልየው ነው የሚለው።»

አስካለም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። «ነኝ» ማለት ሲገባኝ «ነበርኩ» ማለቴን ያኔ ሰማሁት።

ሐኪሙ ጣቶቼን አንድ በአንድ በመርፌ ወጋ ወጋ አደረገና «ፓራሊዚ» አለ። የራስ ደም ሥር ተዘግቶ ግማሽ ጎን የሚሽመደመድበት ሕመም ነው። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም። «እጁ አልሞተም፣ ሥራውን ረስቶ ነው፤ መልሰው ያስተምሩት ይላል» ብሎ አስተርጓሚው ነገረኝ።

ቤቴ ገብቼ ግን አላስተማርኩትም። ክፉው ጊዜ ያ ነው። አልበላም። አላወራም። እጄን ጭኔ ላይ አጋድሜ ሞቴን እጠብቃለሁ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ጫልቱ አጥር አጥሩን ይዛ እያነከሰች መጣች። በጦርነቱ ቦምብ እግሯን ያቆሰላት ሴት ናት። የምርኩዟ የብብት ጠፍር ተበጥሷል።

«አባባ፣ ይቺን ይስፉልኝ።»

«እጅ የለኝም» አልኳት።

ግራ እጄን አየችውና «ታዲያ ይሄ የማነው?» አለች።

እውነትም፣ የማነው? አስካለ ወስፌዬን ከጣራ ሥር አወረደችው። ጠፍሩን በጉልበቶቼ መሐል አጣብቄ በግራዬ ወጋሁ። ስፌቱ ለአህያ ጭነት እንኳ የሚያሳፍር ነበር፤ ጫልቱ ግን መርቃኝ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ በጦርነቱ አካላቸው የጎደለ ሰዎች ከኮልፌም ከቀራንዮም እሷ እያመላከተቻቸው ይመጡ ጀመር፤ እኔም ለአንዱ የምርኩዝ ጠፍር፣ ለሌላው የእግር ማሰሪያ በነጻ ስሰፋ እውልና፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ለክር የምቀባውን ሰም ፀሐይ ላይ አለስልሼ በቀኝ እጄ ለመጭመቅ እታገላለሁ። ብዙ ጊዜ ሰሙ እንደነበረ ይመለሳል። አንድ ጠዋት ግን የአውራ ጣቴ ምልክት ሰሙ ላይ ቀርቶ አየሁ። አለቀስኩ። አስካለ ያቺን ሰም ማንም እንዳይነካት ከሣጥኗ ውስጥ አኖረቻት። ጣቶቼ ወስፌ ለመያዝ ሲበቁ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ለገዛ ደስታዬ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ዳዊት ባለ ሐረግ የቆዳ ማኅደር ሠራሁለት፤ በወጣትነቴም እንዲያ ያለ ሐረግ አላወጣሁም።

እናንተ በዚህ ደዌ የተኛችሁ፣ ደኅናው እጃችሁ ይጀምር፤ ሰነፉ እያየ ይማራል። ሥራውም ለሰው የሚጠቅም ይሁን፤ ለራሴ ብቻ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት እተወው ነበር። ጫልቱንና አስካለን እግዜር ይስጥልኝ። አገሬን ለያዘ ሰው ምስጋና ቢከብደኝም፣ ያንን ሐኪምም «እጁ አልሞተም» ስላለው ቃሉ አመሰግነዋለሁ።

ጣልያን ሳይወጣ አንድ ጊዜ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ከበር ሲያየኝ ፈገግ ብሎ «ማኖ?» አለኝ። ትርጉሙን አሁን አውቀዋለሁ። ቢሆንም ቀኝ እጄን ዘረጋሁለትና መለስኩለት፦

«ጠፍር ሰፊው በላቸው ነኝ።»